ቁልፉ ያለው መዝገብ ቤት ነው፦ የኢትዮጵያ ሴቶችን ታሪክ በትብብር ዊኪፔዲያ ላይ ለማስፈር

ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ዊኪፔዲያ ላይ ልጻፍ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከላፕቶፑ ነው። አካውንት ይከፍታል፣ ስም ይመርጣል፣ ጉግል ላይ ይፈልጋል። እዚያው ይቆማል። ስለ እሳቸው የተጻፈው ነገር ኢንተርኔት ላይ የለማ! ያለው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ውስጥ በተጠረዘ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ወይ አንድ ማኅበር የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ባሳተመው መጽሔት ላይ ነው። ወይ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ አልበም ላይ።

ጸሐፊ አልጠፋም። ምንጩ ነው የተቆለፈበት። ከተቋማትና ከቤተሰብ ጋር አብሮ መሥራት የሚያስፈልገውም ቁልፉ እነሱ እጅ ስለሆነ ነው። ባነር ሰቅሎ ፎቶ ለመነሳት ከሆነ ግን ትብብሩ ቢቀር ይሻላል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ በኦክቶበር 2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲያሸንፉ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ገጽ አልነበራቸውም። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ስለ እሳቸው ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ምንጮቹ በቂ አይደሉም ተብሎ ተመለሰ። ብዙ ሰው ረቂቁን በመለሰው ገምጋሚ ላይ ተናደደ። እኔ ግን ትምህርቱ ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። ገምጋሚ የሚያየው የቀረበለትን ማጣቀሻ ነው። ደህና ማጣቀሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ካልተገኘ ኖቤል የሚያሸልም ሥራም ቢሆን በር ላይ ይቀራል።

«ዊሜን ኢን ሬድ» የሚባለው፣ ስለ ሴቶች ዊኪፔዲያ ላይ የሚጽፍ የበጎ ፈቃደኞች እንቅስቃሴ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ካሉት የሕይወት ታሪኮች የሴቶቹ 15 ከመቶ ገደማ ነበር። አሁን 20 ከመቶ ገደማ ደርሷል። ይህን ያህል ዓመት ተለፍቶ አምስት ነጥብ ነው የጨመረው። የአማርኛው ውክፔዲያ ጠቅላላ ጽሑፎቹ 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ጥቂት ሰው በደንብ ከሠራ ለውጡ ቶሎ ይታያል።

1. አምስት ስም ያዙ

መቶ ሴቶች የሚል ዝርዝር ይዛችሁ አትነሱ። ወረቀት ላይ ያምራል፣ መጨረሻው ግን ሁለት ሁለት መስመር ያላቸው መቶ ገጾች ናቸው። አምስት ስም ይበቃል።

የትኞቹ አምስት? እቴጌ ጣይቱ፣ ንግሥት ዘውዲቱ፣ እቴጌ ምንትዋብ በብዙ ቋንቋ ተጽፎላቸዋል። የእነሱ ገጽ የሚፈልገው ማሻሻል ነው። ክፍተቱ ያለው ከቤተ መንግሥት ወረድ ሲባል ነው። አርበኞች፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች፣ የመጀመሪያዎቹ ነርሶች፣ ዳኞች፣ ደራሲዎች፣ ክራር ተጫዋቾች። እንደ ሸዋረገድ ገድሌና ከበደች ስዩም ያሉ አርበኞች በአርበኞች ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስለሚነሱ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ገጽ ወረቀት ያዙ። ሙሉ ስም፣ ሌላ ስም ካለ ሌላውም፣ የሠሩት ሥራ፣ የምታውቋቸው ምንጮች። ከዚያ ይህን ጠይቁ፦ ከእሳቸውም ከቤተሰባቸውም ከመሥሪያ ቤታቸውም ገለልተኛ የሆነ፣ በስም መጥራት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሁለት አንቀጽ የጻፈላቸው ሁለት ወይም ሦስት ምንጭ አለ? ካለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከሌለ ለጊዜው ዊኪዳታ ላይ አስገቧቸው። ዊኪዳታ የዊኪፔዲያ እህት የመረጃ ቋት ነው። ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ሙያና አንድ ማጣቀሻ አስገብቶ መውጣት የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ አይፈጅም። ስማቸው ዓለም ላይ አንድ ቦታ ተመዘገበ ማለት ነው፤ ጽሑፉ ሌላ ቀን ይደርሳል።

2. ማን ምን እንዳለው እወቁ

ተቋም የሚመረጥ በዝናው ሳይሆን በመደርደሪያው ነው። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሀብት አለው።

ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። እዚያ የምትሄዱት ለጋዜጣ ነው። «አዲስ ዘመን» ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል። «ብርሃንና ሰላም» ደግሞ ከ1917 ዓ.ም.። የሹመት ዜና፣ የምረቃ ዜና፣ የሐዘን መግለጫ፣ ሁሉም እዚያ ነው። የሐዘን መግለጫን አትናቁ። አንዳንዴ ስለ አንዲት ሴት የሕይወት ቅደም ተከተል በአንድ ቦታ የሚገኘው እሱ ላይ ብቻ ነው። ብቻ ዓመቱን ገምታችሁ ሂዱ። «ሃምሳዎቹ ውስጥ ይመስለኛል» ብሎ የገባ ሰው አቧራ ውጦ ይወጣል።

ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሌላው ነው። መጻሕፍቱም የመመረቂያ ጥናቶቹም አሉት። የማስተርስ ጥናት በራሱ ጠንካራ ምንጭ ላይሆን ይችላል፤ ዋጋው የግርጌ ማስታወሻው ላይ ነው። አንድ ተማሪ ወራት የፈጀበትን የማኅደር ቁጥር በነፃ ታገኛላችሁ።

የሙያ ማኅበራት ሦስተኛ ናቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራ ነው። የነርሶች፣ የመምህራን፣ የጋዜጠኞች ማኅበራትም አሉ። ከእነሱ የምትፈልጉት ፎቶ፣ የአባላት መዝገብና ሌላ ሰው ስለ እነሱ የጻፈው ቁርጥራጭ ነው። የራሳቸው መጽሔት ለቀንና ለሹመት ይጠቅማል። «ታዋቂ ናቸው» ለማስባል ግን አይበቃም፣ ገለልተኛ አይደለምና።

የድሮ የሴቶች ትምህርት ቤቶችንም አስቡ። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። ከዚያ ትውልድ ስንቱ መምህርት፣ ስንቱ ባለሥልጣን እንደወጣ የቀድሞ ተማሪዎቹን ጠይቁ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ካለ ደግሞ ከማንም በፊት እሱን። ቡና ላይ ተቀምጠው አንድ የቡድን ፎቶ ላይ ያሉትን ሁሉ በስም ይጠሩላችኋል። ያንን ማንም ቤተ መጻሕፍት አይሰጣችሁም።

ወደ ኋላ ራቅ ላለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የወለተ ጴጥሮስ ገድል የአንዲት ኢትዮጵያዊት የሕይወት ታሪክ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት አሉ። ብዙዎቹን ቤታችሁ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ገድል ግን ገድል ነው። ተአምሩን እንደ ታሪክ አታስገቡት፤ «ገድሉ እንዲህ ይላል» ብላችሁ አስቀምጡ፣ ስለ ገድሉ የጻፉ ምሁራንን ደግሞ ጥቀሱ።

ቤተሰብን መጨረሻ ያመጣሁት ሳይረባ ቀርቶ አይደለም። ብዙው ፎቶ ያለው እነሱ ጋ ነው። በተለይ በደርግ ጊዜ የተሰደዱ ቤተሰቦች አልበማቸው ዋሽንግተን ወይ ስቶክሆልም ነው ያለው። ዘመድ በዘመድ ካልሆነ አይገኝም።

3. የምትጠይቁትን አሳንሱ

ብዙ ትብብር የሚሞተው የመግባቢያ ሰነድ ላይ ነው። ሰነዱ ይረቀቃል፣ ሕግ ክፍል ይሄዳል፣ አስተያየት ተሰጥቶበት ይመለሳል፣ ኃላፊው ይቀየራል፣ አለቀ። የመግባቢያ ሰነድ መጀመሪያ አትጠይቁ። አንድ ሥራ አብራችሁ ከሠራችሁ በኋላ ራሳቸው ያነሱታል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጉዳዩ፦ የአምስት ሴቶችን ታሪክ የሚመለከቱ ጋዜጦችን ለማየትና ለመቅዳት ትብብር ስለመጠየቅ። እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ስድስት በጎ ፈቃደኞች በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እየጻፍን እንገኛለን። ለዚሁ ሥራ ከ1949 እስከ 1952 ዓ.ም. የታተሙ የ‹አዲስ ዘመን› ጋዜጦችን ለሦስት ቀን በንባብ ክፍላችሁ ተቀምጠን እንድናይና ለማጣቀሻ የሚሆኑንን ገጾች በስልክ እንድናነሳ እንዲፈቀድልን በትሕትና እንጠይቃለን። ጽሑፉ ሲወጣ ሰነዱ በእናንተ ዘንድ እንደሚገኝ በማጣቀሻው ላይ እንገልጻለን።»

በቃ። ዓመት አለው፣ ቀን አለው፣ እነሱ የሚያገኙትም ተጽፏል። ኃላፊው «ምን ፈልገው ነው?» ብሎ አይጨነቅም። ከእናንተ አንዱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆነ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ያጽፍ። ማህተም ያለው ወረቀት በር ይከፍታል፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ደብዳቤው ለኃላፊው ይግባ። እናንተ ግን ሰነዱን በእጁ የሚያወጣውን ሰው ተዋወቁ። እኚያ ሠላሳ ዓመት እዚያ የሠሩ የመዝገብ ቤት እናት ወይ አባት የትኛው ጥራዝ እንደጎደለ፣ የትኛው በስህተት ሌላ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ያውቃሉ። ስማቸውን ያዙ፣ ሰላም በሏቸው፣ ሥራው ሲያልቅም ጽሑፉን አሳዩአቸው።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር። «አበል አለው?» መባሉ አይቀርም። ለሻይ፣ ለትራንስፖርትና ለኢንተርኔት የሚሆን ወጪ ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ራፒድ ፈንድ ከሚባለው አነስተኛ ድጋፉ ሊሸፍን ይችላል፤ መጠኑ ከ500 እስከ 5,000 ዶላር ነው። በጽሑፍ ብዛት ግን ለማንም አትክፈሉ። ወዲያው ጥራቱ ይወድቃል፤ በክፍያ መጻፍ ደግሞ ዊኪፔዲያ ላይ ማሳወቅን የሚጠይቅ የራሱ ጣጣ አለው።

4. ፎቶ፦ መብቱን ሳታጣሩ አትጫኑ

ፎቶ ያለው ገጽ ይነበባል። ፎቶው የሚጫነው ግን ውክፔዲያ ላይ ሳይሆን የጋራ የፎቶ ማከማቻው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ነው። እዚያ አንዴ ከገባ አማርኛውም፣ እንግሊዝኛውም፣ ዕብራይስጡም ይጠቀምበታል።

በእኛ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የፎቶግራፍ ጥበቃ የሚቆየው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሱ የንጉሡም የደርግም ዘመን ፎቶዎች ጊዜያቸው አልፏል። ይህን ብዙ ተቋም አያውቅም። ስትነግሯቸው ፊታቸው ይፈታል። ውጭ አገር የተነሳ ፎቶ ግን በተነሳበት አገር ሕግ ነው የሚታየው፤ እሱን ለይታችሁ አስቀምጡ።

ሕጉ ቢፈቅድም ቤተሰቡን ጠይቁ። እናታቸው ናቸዋ።

ለአዲስ ፎቶ የባለመብቱ ፈቃድ የግድ ነው። ባለመብቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያነሳው ሰው ነው፤ ፎቶው ላይ ያሉት ሴት ወይም ፎቶውን የያዘው መሥሪያ ቤት አይደሉም። እዚህ ላይ የሚደጋገም ነገር አለ። ተቋማት «ለንግድ ካልሆነ በስተቀር መጠቀም ይቻላል» ብለው ይጽፋሉ። ኮመንስ ይህን አይቀበልም። ፈቃዱ ማንም፣ ለማንኛውም ነገር፣ ምንጩን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት መሆን አለበት። ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ተናገሩ። ካልፈለጉ ያ ፎቶ ይቅር፣ ሌላ ይስጧችሁ። በኋላ ከሚኳረፉ አሁን እምቢ ቢሉ ይሻላል።

ስካን ስታደርጉ ትናንሽ ፎቶዎችን በ600 ዲፒአይ ጥራት አድርጉ። ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ቀኑ፣ ስሙ፣ የስቱዲዮው ማህተም ያለው ጀርባው ላይ ነው። የቦያጂያን ስቱዲዮ ማህተም ያለበት ፎቶ ብታገኙ ያ ማህተም ፎቶው አዲስ አበባ ለመነሳቱ ጥሩ ማስረጃ ነው። ኦርጅናሉን ከቤታቸው ይዛችሁ አትውጡ። ስካነሩን ይዛችሁ ሂዱ።

5. በቃል ብቻ ያለ ታሪክ

ከባዱ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

የ80 ዓመት እናት አግኝታችሁ ሦስት ሰዓት ነገሯችሁ እንበል። ድንቅ ታሪክ ነው። ዊኪፔዲያ ላይ ግን በቀጥታ አይገባም። «እሳቸው ነግረውኛል» ማጣቀሻ አይደለም፤ አንባቢ ሄዶ ሊያረጋግጠው አይችልም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «ሕጉ እኛን አያውቅም» ብሎ ይተወዋል። ቅሬታው እውነት አለው። የእኛ እናቶች ታሪክ በአብዛኛው በቃል ነው ያለው። ሕጉ እስኪለወጥ ከመጠበቅ ግን መንገድ አለ፤ መንገዱም አጋር ነው።

ቃለ ምልልሱን መጀመሪያ ሌላ ቦታ አሳትሙት። የጋዜጣ የእሁድ እትም፣ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትምህርት ክፍል መጽሔት፣ ፕሮግራሙን ቀርጾ የሚያስቀምጥ ሬዲዮ፣ አርታኢ ያለው ማንኛውም ሕትመት። ጋዜጠኛው ወይም መምህሩ የተነገረውን ከሌላ ሰነድ ጋር ያመሳክራል፣ ስሙን ያሰፍራል፣ ቀን ያለው እትም ይወጣል። ከዚያ በኋላ እናንተ እትሙን ትጠቅሳላችሁ። ስለዚህ ከሴቶች ጋዜጠኞች ጋር የሚደረግ ትብብር ከትልቅ ቢሮ ጋር ከሚደረገው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አንድ ቋሚ ዓምድ ማለት በየወሩ አንድ አዲስ ምንጭ ማለት ነው።

ቃለ ምልልስ የሰጡት ራሳቸው ከሆኑ ግን ያ ብቻውን ገለልተኛ ምንጭ አይሆንም። የሥራ ባልደረባ፣ ተማሪ፣ ተቺ ጨምሩበት። የድምፅ ቅጂውን ከእሳቸው የተፈረመ ፈቃድ ጋር አንድ ቤተ መዛግብት አስቀምጡት። ስልካችሁ ላይ ብቻ ካለ ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል።

በሕይወት ያሉ ሰዎች ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። አድራሻ፣ ስልክ፣ የጋብቻ ጉዳይ፣ ሕመም፣ በታተመ ምንጭ ካልወጣና ለሥራቸው ታሪክ ካላስፈለገ አይገባም።

6. የመጻፊያው ቀን

ሁሉም ሰው ማርች 8ን ነው የሚመርጠው። እኔ ብትተዉት እላለሁ። ያን ሳምንት ተቋሙ በቲሸርትና በፓናል ውይይት ይጠመዳል፣ አዳራሽ አይገኝም፣ ቁም ነገረኛዋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም ስብሰባ ላይ ናት። ለማርች 8 ያለቀ ሥራ አቅርቡ። መጻፊያውን ጥቅምት ወይ ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት አድርጉት።

ከቀኑ በፊት አካውንት ይከፈት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ6 በላይ አካውንት መክፈት አይቻልም። ሃያ ሰው በአንድ ዋይፋይ ከከፈተ ሰባተኛው ላይ ይቆማል። ሁሉም ከየቤቱ፣ ከሳምንት በፊት ይክፈት። እንግሊዝኛው ላይ ለመጻፍ ያሰበ ደግሞ አዲስ ገጽ በቀጥታ ለመፍጠር አካውንቱ 4 ቀን የቆየና 10 እርማት የሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ፊደል ግድፈት ያርም፣ ማጣቀሻ ይጨምር።

በሞባይል ዳታ የገባ ሰው «ታግዷል» የሚል መልእክት ቢያይ አይደንግጥ። አንድ አድራሻ ብዙ ሰው ስለሚጋራው ሌላ ሰው ባጠፋው እሱ ይታገዳል። ዋይፋይ መቀየር ወይም ገጹ ላይ ባለው መንገድ ለአስተዳዳሪ መጻፍ ነው።

በውክፔዲያው የውይይት ገጽ ላይም አስቀድማችሁ አሳውቁ። «በዚህ ቀን አሥራ ሁለት አዳዲስ ሰዎች ስለ ሴቶች ታሪክ ይጽፋሉ» የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። የአማርኛው ማኅበረሰብ ትንሽ ነው። ሳይነገረው አንድ ከሰዓት ውስጥ ብዙ አዲስ ገጽ ቢጎርፍ ቆሻሻ መስሎት ያጠፋዋል፣ አይፈረድበትም።

መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል። ረቂቁ ዎርድ ላይ ይጻፍ፣ ምንጮቹ በፎቶ ፍላሽ ላይ ይጫኑ። የምንጭ ፎቶ ፋይሎቹን ስም ስትሰጡ ጋዜጣውን፣ ቀኑንና ገጹን አስገቡበት። «አይኤምጂ 4471» የሚል ፋይል ማታ ላይ ለማንም አይገባም። አጋራችሁ በድሮ ጊዜ የተተየበ ሰነድ ከሰጣችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ክፈቱት። ዩኒኮድ ባልሆኑ አሮጌ የግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ከሆነ ውክፔዲያ ላይ ሲለጠፍ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። መለወጫ ካልተገኘ እንደገና መተየብ ነው።

ለእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ሰው መድቡ። አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ምንጩን እያነበበ ያመሳክር። ልጅ ስለ እናቱ፣ ሠራተኛ ስለ ማኅበሩ አይጻፍ። ቁሳቁሱን ይስጡ፣ ስህተት ካዩ ይናገሩ፣ ጽሑፉን ግን ሌላ ሰው ይጻፈው።

7. ሁለት እህትማማቾችን ይዘን እንሞክረው

ስንዱ ገብሩንና እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እንውሰድ። ሁለቱም የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል። ሁለቱንም ፋሽስት ጣሊያን አዚናራ ደሴት አስሯቸዋል። ታላቅየዋ መምህርት፣ ደራሲና የምክር ቤት አባል፣ ታናሽየዋ መነኩሴና ፒያኒስት።

መጀመሪያ ስም። እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት የውብዳር ገብሩ ነበሩ። የልጅነት ሰነድ ፍለጋ «ጽጌ ማርያም» ብላችሁ ብትገቡ ምንም አታገኙም። የሸክላቸው ሽፋን ላይ ደግሞ «የውብዳር» የለም። ሁለቱም ስም ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ይግባ፣ ዊኪዳታ ላይም በተለዋጭ ስምነት ይመዝገብ። «ጽጌ» እና «ፅጌ»፣ «ማርያም» እና «ማሪያም» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሁሉ እዚያው ገጽ እንዲደርስ መሪ ገጾችን ፍጠሩ። ርዕሱ ላይ «ወ/ሮ» አታስገቡ።

ቀጥሎ ዓመት። እማሆይ የተወለዱት ታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. ነው። ስንዱ ደግሞ ጥር 1908 ዓ.ም.፤ በፈረንጅ ሲቆጠር 1916። አሁን አንዱ ጸሐፊ የአንዷን በእኛ፣ ሌላው የሌላዋን በፈረንጅ አቆጣጠር «1916» ብሎ ቢያስገባ ስምንት ዓመት የሚበላለጡት እህትማማቾች መንታ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፍ። ዊኪዳታ የእኛን አቆጣጠር አይቀበልም፣ መለወጥ ግድ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ፣ አትገምቱ።

ከዚያ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር። ብዙ ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦ «ስንዱ ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ…»። አባትየው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ግን ገጹ የእሳቸው አይደለም። እንዲህ ይሁን፦ «ስንዱ ገብሩ (1908–2001 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊት መምህርት፣ ደራሲና ፖለቲከኛ ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል።» ቤተሰቡ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ይደርሳል።

«ጀግናዋ»፣ «እንቁዋ»፣ «የማትረሳዋ» የሚሉትን አውጧቸው። የሠሩት ራሱ ይናገራል። በዚያው ግሡንም እዩ። እዚያው ውክፔዲያ ላይ ስለ ወንድ ሚኒስትር «ተሾሙ» ተብሎ ስለ ሴት ሚኒስትር «ተሾመች» ከተባለ አንዱን ምረጡና ለሁለቱም አድርጉ።

ከእንግሊዝኛ የምትተረጉሙ ከሆነ የማሽን ትርጉሙን እንዳለ አትለጥፉት። ስሞችን ያበላሻል። ስንዱን «ሴኔዱ» ቢያደርጋቸው አይግረማችሁ። ከየትኛው ገጽ እንደተተረጎመም ገጹን ስታስቀምጡ በምትሞሉት የማሻሻያ ማጠቃለያ ላይ ጥቀሱ፣ የፈቃዱ ግዴታ ነው።

8. ከቀኑ በኋላ

ገጾቹን ሁሉ ለውጥ ሲደረግባቸው ወደሚያሳያችሁ የክትትል ዝርዝር አስገቡ። ይጠፋ የሚል ጥያቄ ከመጣ አትጣሉ፣ ምንጭ ጨምሩ። ሁለት ተጨማሪ የጋዜጣ ማጣቀሻ ከሃያ አንቀጽ ክርክር ይበልጣል።

በሦስት ወሩ ለአጋራችሁ አንድ ገጽ ሪፖርት ላኩ። የትኛው ፎቶ በስንት ቋንቋ እንደዋለ፣ ገጹ በወር ስንት ጊዜ እንደታየ ዊኪሚዲያ ራሱ ይቆጥራል፤ በነፃ ማየት ይቻላል። ኃላፊው ያንን ቁጥር ለበላይ ሪፖርቱ ይፈልገዋል፣ ሁለተኛውን የሰነድ ካቢኔም የሚከፍትላችሁ እሱ ነው። የመግባቢያ ሰነድ የሚባለውን ነገር አሁን ብታነሱት ያምራል።

አጋራችሁ ዘንድ የምታውቁት ሰው አንድ ብቻ አይሁን። ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል። ሁለት ሰው ያዙ፤ ቢቻል አንዱ ወጣት ሆኖ የራሱ አካውንት ይኑረውና መጻፍ ይልመድ። ስካን ያደረጋችሁትን ሁሉ፣ ከነጀርባው፣ የፋይሉን ዝርዝር ጨምራችሁ በአንድ ሃርድ ዲስክ ለተቋሙ አስረክቡ፣ ርክክቡንም በፊርማ አድርጉት። ለቤተሰቡ ደግሞ የእናታቸውን ፎቶ በደንብ አሳትማችሁ ስጧቸው።